በጳጉሜን አይፈለፈልም

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አውራ ጣቴን አማት ላይ አሳርፋለሁ።

አማት የምንለው የጫጩት መፈልፈያ ማሽኔ ጎን የተለጠፈችውን ግራጫ ሳጥን ነው። የመንግሥት ስሟ ረጅም ነው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ግን በዚያ ስም የሚጠራት ሰው ሰምቼ አላውቅም። ጥጓን ይዛ ምንም ሳትሠራ የምትውል፣ ሁሉን የምትሰማ፣ በገዛ ቤትሽ ፈቃድ የምታስጠይቅሽ ነገር ሌላ ምን ትባላለች?

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሪት ሐዋ ይማም» ትላለች። ትሁት ናት፤ ከአንቱታ ወርዳ አታውቅም። «የዛሬው የማገላበጫ ክፍያዎ ተቀንሷል። መልካም የሥራ ቀን ይሁንልዎ።»

የሚገላበጠው እንቁላሉ ነው። ማሽኑን ከተጣለ ፍሪጅ ቆርጬ፣ ሽቦውን በእጄ ቀጥዬ የሠራሁት እኔ ነኝ። መብራቱን የምከፍለው እኔ ነኝ። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የሚያስከፍለኝ እንቁላሉ ስለተገላበጠ ነው። ሲገባ የማስገቢያ፣ ሲሞቅ የማሞቂያ፣ በመብራት ሲታይ የማሳያ፣ ሲፈለፈል የመፈልፈያ። አንድ ጊዜ ቢሮ ውስጥ ወረፋ ላይ ቆሜ፣ «ዝም ብሎ ስለተቀመጠም አስከፍሉና» ብዬ ቀለድኩ። በዓመቱ የክፍያ ሠንጠረዡ ላይ «የማቆያ» የሚል መስመር ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ውስጥ አልቀልድም።

ነገሩ የጀመረበት ጠዋት ጳጉሜን 3 ቀን 2079 ነበር። እንቁላሎቹ አሥራ ስምንተኛ ቀናቸው ስለሆነ የመጨረሻው ማገላበጫ ነው። ከዚህ በኋላ ጫጩቱ አንገቱን አዙሮ መውጫውን ይይዛል፤ አይነካም።

ጋሽ እንድሪስ ባዶ እጃቸውን መጡ። መኖ ነጋዴ ናቸው፤ ወፍጯቸው ከኔ ግቢ ጋር አጥር ይጋራል። በቆሎ የመፍጨት ፈቃድ አላቸው፤ ፋጉሎ የመፍጨት ፈቃድም አላቸው። ሁለቱን የመቀላቀል ፈቃድ ግን የሁለቱን እጥፍ ስለሆነ የላቸውም። ስለዚህ በቆሎውን በአንድ ጆንያ፣ ፋጉሎውን በሌላ ጆንያ ይሸጣሉ፤ ገዢው ደጃፋቸው ላይ ይቀላቅል ነበር። ደጃፉ «የመቀላቀያ ቦታ» ተብሎ ሲታሸግባቸው ገዢው አስፋልቱን ተሻግሮ መቀላቀል ጀመረ። አሁን ከወፍጮው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ጎንበስ ብሎ በአካፋ መኖ ሲያማስል ታያላችሁ። የማያውቅ እንግዳ ሲሚንቶ የሚያቦኩ ይመስለዋል።

«በቆሎው አልደረሰልኝም ሐዋዬ» አሉ። «ሹፌሩ ጳጉሜን ስድስት ነው የምገባው ብሎኛል።»

«ሹፌሩ ሲዋሽ ነው ጋሼ። ጳጉሜን ስድስት የለችም።»

«ዘንድሮማ አለች። ልጄ ራቢያ የተወለደችው በሷ አይደል? ሃያ ዓመቷን ልትደፍን ነው፣ ልደት ያከበርኩላት ግን አራቴ ነው። ቆጣቢ ልጅ ናት፣ አላህ ይባርካት።»

እሳቸው ሳቁ። እኔ ማሽኑን ደገፍ አልኩ።

የመፈልፈያ ፈቃድ የሚሸጠው በወር ነው። ሠንጠረዡ ላይ አሥራ ሁለት ወር አለ፤ ከመስከረም እስከ ነሐሴ። ጳጉሜን የለችም። ሠንጠረዡን ያወጣው ሰው የመንግሥት ሠራተኛ ነበርና የሚያውቀው ደሞዝ ያላቸውን ወሮች ነው። መስመር የሌለው ወር ፈቃድ የለውም፤ ፈቃድ በሌለው ወር የወጣ ጫጩት ሕገ ወጥ ነው። ሕገ ወጥ ጫጩት በአስፈልፋዩ ወጪ ይወገዳል፣ አስፈልፋዩም ለሦስት ዓመት ፈቃዱን ይነጠቃል። ይህን የማያውቅ አስፈልፋይ የለም። እንቁላል ሃያ አንድ ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከነሐሴ አሥር እስከ አሥራ አራት አገር ምድሩ እንቁላል አያስገባም። አሥራ አምስት ላይ ያስገባሽ እንደሆነ መስከረም አንድ ታወጫለሽ።

ጳጉሜን አምስት ከሆነች ነው ይሄ።

ነሐሴ አሥራ አምስት ስምንት መቶ አርባ እንቁላል አስገባሁ። አማት ክፍያውን ወስዳ ወረቀት ተፋች፤ «የሚፈለፈልበት ቀን፦ መስከረም 1 ቀን 2080» ይላል። እኔ በስሌቴ የምኮራ ሰው ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ሙቀቱንም እርጥበቱንም ያለ መምህር፣ እንቁላል እያበላሸሁ የተማርኩ ነኝ። ስድስተኛዋን ቀን ግን ረሳሁ። አማትም ረሳች። ልዩነቱ፣ የእኔ መርሳት ጥፋት፣ የእሷ መርሳት ደንብ መሆኑ ነው።

እንቁላሎቹ የደጋን ሴቶች ንብረት ናቸው፤ ደጋን በባቲ መንገድ ያለች ከተማ ናት። በጥር ፈንግል ገብቶ የሠላሳ አምስት ቤት ዶሮ በአንድ ሳምንት ጠረገው፤ ለልጅ ደብተር፣ ለጨው፣ ለሳሙና የሚሆን እንቁላል ከዚያ ወዲህ አላዩም። እትዬ ዘሀራ የምትባል ሴት ቤት ለቤት ዞራ አስተባብራ፣ ከተረፈው ዘር እንቁላል ለቅማ አመጣችልኝ። ሌላ ዘር የላቸውም።

በማግሥቱ፣ ጳጉሜን 4፣ ቢሮ ሄድኩ። ሦስተኛው መስኮት ላይ አቶ ምሥጋናው አለ፤ ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ሰው የማይሳደብ፣ ፊት የማያይ ሰውዬ። ወረቀቴን ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ወረቀቱ ትክክል ነው» አለ።

«መስከረም አንድ ይላልኮ። የሚወጡት ግን ጳጉሜን ስድስት ነው።»

«ታዲያ ከወረቀቱ የተለዩት እንቁላሎቹ ናቸዋ።»

«እንቁላሎቹን ልምከራቸው?»

አልሳቀም። «ፈቃዱን የሚቆጥረው አንድ ክፍል ነው፣ ቀኑን የሚቆጥረው ሌላ ክፍል። ማስተካከያ መጠየቅ ትችያለሽ። አሥራ አምስት የሥራ ቀን ይፈጃል።»

«የጳጉሜንን መፈልፈያ ልክፈል። እጥፍ አድርገው ይቀበሉኝ።»

«መስመር የለውም እህቴ። ብትሰጪኝም የማስገባበት የለኝም።»

ሀገሪቱ ውስጥ ገንዘብ አልቀበልም ያለኝ የመጀመሪያው መስኮት ይሄ ነው። ድምፁን ዝቅ አደረገና ከመሳቢያው አንድ ቅጽ አወጣ።

«አንድ መንገድ አለ። ‹ከሽፈዋል› ብለሽ ፈርሚ። ዛሬ የማሽኑን በር ክፈቺው፣ እስከ ማታ ይበርዳሉ። የከሸፈ እንቁላል ቅጣት የለውም። ፈቃድሽ ይተርፍልሻል፣ በመስከረም ሌላ ታስገቢያለሽ።»

«አልከሸፉም። ትናንት በመብራት አይቻቸዋለሁ፤ ይንቀሳቀሳሉ።»

«እኔ ያላየሁትን አልጽፍም።»

«መጥተው ይዩዋ።»

«የመስክ ጉብኝት ክፍያ አለው።»

እስከዚህ ድረስ «እርስዎ» እለው ነበር። እዚህ ላይ ተውኩት።

«አንተ በጳጉሜን ደሞዝ ይከፈልሃል?»

ጠረጴዛውን አየ። «አይከፈለኝም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ካልመጣሁ ይቀጡኛል» አለ፤ ከዚያም ወደ ኋላዬ አንገቱን አስግጎ «ቀጣይ» ብሎ ተጣራ።

ቅጹን ሳልፈርም ይዤው ወጣሁ።

ጋሽ እንድሪስ ከሰዓት በኋላ አጥሩ ጋ ቆመው ጠበቁኝ። ነገርኳቸው። እጃቸው ላይ የቀረውን የፋጉሎ ዱቄት አራገፉ።

«ፈርሚ» አሉ።

«አንቱም?»

«እኔም። ደጃፌን ሲያሽጉብኝ ተሟግቼ አንድ ዓመት ዘግተውኝ እንደነበር ረሳሽ? ራቢያን ከትምህርት ያስቀረኋት ያኔ ነው። አንቺን ደግሞ ሦስት ዓመት ነው የሚሉሽ። ሦስት ዓመት ማሽኑ ሲዘጋ ምን በልተሽ ትከርሚያለሽ? እንቁላል ነው ልጄ። እንቁላል ሌላ ይገዛል።»

«የደጋን ዘር አይገዛም። ይግቡና ይዩ።»

«ምኑን ነው የማየው?»

ጨለማው ክፍል ውስጥ አስገብቼ አንዱን እንቁላል በባትሪ መብራት ላይ አቆምኩላቸው። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ዶሮ ሲቀልቡ ኖረው እንዲህ አይተው አያውቁም። ጥቁሩ ጥላ ውስጥ አንዲት ቀጭን ነገር የአየሩን ከረጢት ከውስጥ ገፋ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ገፋ።

«ምንቃሩ ነው?»

«ምንቃሩ ነው።»

መብራቱን ራሳቸው አጠፉት። «ትንሽ ማዘግየት አይቻልም? አንድ ቀን ናትኮ።»

«ሙቀቱ የሚታዘዘው ለአማት ነው እንጂ ለኔ አይደለም። እኔ የምችለው በሩን መክፈት ብቻ ነው። ያ ደግሞ መግደል ነው።»

ከዚህ በኋላ ፈርሚ አላሉኝም። ወጥተው ወደ ወፍጯቸው ሄዱ፤ ሲመለሱ ሰባት ባዶ ካርቶን ተሸክመው ነበር። «ጎን ጎናቸውን በስቼልሻለሁ» አሉ። «አየር ይፈልጋሉ።»

እትዬ ዘሀራ ዘንድ ደወልኩ። ጳጉሜን ስድስት በጠዋት ኑ፣ አልኳት።

«መስከረም ሁለት አላልሽንም ነበር? እግር ሳያበጁ ልንወስዳቸው ነው?»

«ሆዳቸው ውስጥ አስኳል አለ፤ ሁለት ሦስት ቀን ያለ ምግብ ይቆያሉ። ኑ ብቻ። መቀነታችሁን አጥብቃችሁ ኑ።»

«ጠብ አለ እንዴ?»

«ሊኖር ይችላል።»

«እንግዲያ እንመጣለን» አለች፤ ዘጋችው።

ጳጉሜን ስድስት ጎህ ሲቀድ የመጀመሪያው ቅርፊት ተሰነጠቀ። ድምፁን ለማያውቅ ሰው፣ ክፉኛ በደረቀ ጭቃ ላይ ዝናብ ሊጀምር ሲል ይመስላል። አማት ወዲያው ሰማች።

«ያልተፈቀደ ልደት እየተሰማ ነው» አለች። «እባክዎ ልደቱን ያቁሙ።»

ማሽኑን ዝቅ ብዬ አየሁት። አንዱ ጫጩት እርጥብ አንገቱን አውጥቶ፣ ቀሪውን ቅርፊት እንደ ሱሪ ታጥቆ ይንፈራገጣል።

«እባክዎ ልደቱን ያቁሙ።»

በየአምስት ደቂቃው ትለዋለች። ድምፅዋ አይቆጣም፤ ባንክ ውስጥ ወረፋ እንደምትጠራ ሴት ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ሦስት መቶ ጫጩት ነበረኝ፤ እሷም ልደቱን እንዳቆም ስንት ጊዜ እንደለመነችኝ መቁጠሩን ተውኩት። ሰው የሚያብደው በጩኸት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የደጋን ሴቶች በሚኒባስ መጡ፤ ስምንት ናቸው። እትዬ ዘሀራ አጭር፣ ደረቅ፣ ወገቧ ላይ ሰፊ ቀይ መቀነት የታጠቀች ሴት ናት። የደረቁትን ጫጩቶች በጋሽ እንድሪስ ካርቶን እያሰለፍን ወደ ሚኒባሱ አሸጋገርን። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት። አራት ሰዓት ሲሆን ማሽኑ ውስጥ የነበረው የአየር ማራገቢያ ዝም አለ።

«ሙቀት ተቋርጧል» አለች አማት። «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

ዘር ያልያዙትን ሃምሳ ሰባቱን ቀደም ብዬ በመብራት ለይቼ አውጥቻለሁ፤ ውስጥ ገና መቶ ሰባ አንድ እንቁላል ነበር። ግማሾቹ በስተዋል፤ በቀዳዳው ምንቃር ይታያል። እርጥብ ናቸው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደነዝዛሉ።

«ውሃ አፍልተን እንክበባቸው?» አለች አንዷ።

«አይበቃም» አልኩ። «ሠላሳ ሰባት ይፈልጋሉ። ሳይወርድ፣ ሳይወጣ።»

«ሠላሳ ሰባት ስንት ነው?» አለች እትዬ ዘሀራ።

«የሰው ገላ ማለት ነው።»

መቀነቷን ፈታች። አንድ ጫፉን ወገቧ ላይ አድርጋ እንቁላሎቹን ከልብሷ ሥር፣ ከገላዋ ጋር ደረደረችና ጠቀለለችው፤ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። ሃያ እንቁላል ያዘች። ሌሎቹም ፈቱ። አንዷ እየኮረኮራት ትስቃለች፣ ሌላዋ «ዝም በይ፣ ትሰብሪያቸዋለሽ» ትላታለች። የመጨረሻዎቹን አሥራ አንድ እኔ ታጠቅኩ።

ምሥጋናው የደረሰው ያኔ ነው። ጥቁር ከረጢት ይዟል፤ በሌላው እጁ የክፍያ መቀበያውን። ባዶውን ማሽን አየ፣ ቅርፊቱን አየ።

«የት ናቸው?»

«ሚኒባስ ውስጥ።»

«ማስወገድ አለብኝ። የማስወገጃ ክፍያውን ጣትሽን አሳርፊና…»

«አልከፍልም።»

«ግዴታ ነው።»

«አዋጁን አንብቤዋለሁ፤ እንዳንተ በሥልጠና ሳይሆን በገዛ ዓይኔ። አንቀጽ አራት፣ ክፍያ ያልተፈጸመበት አገልግሎት አይሰጥም። እኔ ካልከፈልኩ አንተ መግደል አትችልም። ለነፍስ መውሰጃም ደረሰኝ የምትቆርጡ እናንተ ናችሁ፤ በሉ ደረሰኙን ጠብቁ።»

መቀበያውን ሁለት ጊዜ ነካካው። ወሩን እንዲመርጥ ጠየቀው፤ አሥራ ሁለት ወር አሳየው። አገጩን አከከ።

«የቀሩት እንቁላሎችስ?»

እትዬ ዘሀራ ፊቱ ቆመች፤ ወገቧ ከሌላው ጊዜ ሰፋ ብሏል። «ወንድም ጋሼ፣ የስምንት ሴት መቀነት ልትፈታ ነው እንዴ? ለሱም ክፍያ አለው፤ እኔ ነኝ የማስከፍልህ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሚኒባሱ በባቲ መንገድ ሲወጣ መንገዱን አልዘጋም፤ ታርጋውን ብቻ ጻፈ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «ፈቃድሽን ዛሬውኑ መጥተሽ አስረክቢ» አለኝ። «ሦስት ዓመት ነው። አስቀድሜ ነግሬሽ ነበር።»

«ነግረኸኛል» አልኩት። ጋሽ እንድሪስ አጥሩ ጋ ቆመው ነበር፤ እኔ ግን ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። የራሴን ዳቦ በራሴ እጅ እንደጣልኩ አውቃለሁ። አሁንም አልጸጸትም፤ ግን ቀላል ነበር ብሎ የሚነግራችሁ ካለ ውሸታም ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሮው አዳራሽ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወረፋው ረጅም ነው፤ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ስለሆነ ሁሉም እድሳቱን ሊከፍል መጥቷል። ቀጥ ብዬ ነው የተቀመጥኩት፤ ጎንበስ ማለት አልችልም። አጠገቤ ያለ አንድ የማላውቀው ነጋዴ «ወገብሽን ያምሻል?» አለኝ። «ትንሽ» አልኩት።

ሦስተኛው መስኮት ጋ ስደርስ ሆዴ ላይ የሆነ ነገር ቧጠጠኝ። ቀጥሎ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ አንድ፣ ከዚያ ሁለት። አዳራሹ ውስጥ ወሬው ተቋረጠ። ከግድግዳው ላይ የቢሮው የራሱ አማት ተናገረች።

«ያልተፈቀደ ልደት እየተሰማ ነው። እባክዎ ልደቱን ያቁሙ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምሥጋናው መቀነቴን አየ። ፊቱ ያለው የኮምፒውተር መስታወት በራሱ ጊዜ ቅጽ ከፈተበት፤ ሳይሞላ እንደማይዘጋ አውቃለሁ፤ እኔንም ብዙ ጊዜ ይዞኛል። ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አኖረ።

«ፈቃድ የሌለው ማሽን ነው የሚለው» አለ፤ ድምፁ እምብዛም አይሰማም። «መሙላት አለብኝ። የማሽኑ መጠሪያ?»

«ሐዋ ይማም።»

ጻፈው።

«የሚይዘው ብዛት?»

«አሥራ አንድ።»

ጻፈው። ሦስተኛውን ጥያቄ ደጋግሞ አነበበ። ከኋላዬ አንድ ሰው «ቀጥል እንጂ፣ ወረፋ ላይ ነን» አለ። ምሥጋናው ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቴን ሲያይ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

«ሙቀቱ የሚጠፋው በየት በኩል ነው?»

«እስቲ ናና አጥፋው» አልኩት።